መርዙን ትቶ ጆንያውን የበላው አይጥ፦ ከኮምቦልቻ አንድ የእህል መጋዘን

መጋዘኑ ከኮምቦልቻ ወደ ባቲ በሚወስደው መንገድ በኩል ነው። ግድግዳው ብሎኬት፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ወለሉ ግማሹ ሲሚንቶ ግማሹ አፈር። ማሽላ ከቃሉና ከባቲ ይገባል። ጤፍ ከጃማ በኩል ይመጣል። ማሾም አለ። ባለቤቱን ሰፈሩ ሁሉ ሐጂ ይላቸዋል። እኔም እዚህ ሐጂ ብዬ እቀጥላለሁ፤ ስማቸውን መጻፍ አያስፈልግም።

ጉዳዩ አይጥ ነው። በትክክል ለመናገር፣ መርዝ አልበላም ያለ አይጥ። እህል ያከማቸ ሰው ሁሉ ይህን ያውቀዋል። የመጀመሪያው ሌሊት አይጦች ይሞታሉ። ሰው ደስ ይለዋል። ከዚያ በኋላ መርዙ ሳይነካ ያድራል። ግማሹ "መርዙ ተበላሽቷል" ይላል፣ ግማሹ "አይጡ ብልጥ ሆነ" ይላል። እኔ ደሴ ላይ ባዮሎጂ አስተምራለሁ፤ አይጥ ማጥፋት እንጀራዬ አይደለም። ነገር ግን የአይጥ አንጎል "ብላ" እና "ተው" የሚለውን እንዴት እንደሚወስን ማንበብ እወዳለሁ። በዘመድ በኩል ተጠርቼ የሐረጎን ቁልቁለት ወርጄ መጋዘኑን ሳይ፣ የመርዙ ጥራት ብዙም አላሳሰበኝም። ማንም ያላሰበበት የአይጡ የምግብ ፍላጎት ነበር።

ምን ሆነ

ሐጂ ማሽላውን የሚገዙት በኅዳርና በታኅሣሥ፣ ገበሬው ወቅቶ ሲያወጣ ነው። ቶሎ አይሸጡም። ክረምት ላይ ዋጋው እስኪወጣ ይጠብቃሉ። ስለዚህ እህሉ ለወራት ይቀመጣል። ጆንያ በጆንያ ላይ ተደርድሮ፣ ግድግዳውን ተደግፎ፣ ጣሪያው ሥር ይደርሳል። አይጥ ቤት ሥሩልኝ ብትል ከዚህ የተሻለ አታገኝም።

ዘንድሮ ነገሩ ባሰ። የታችኞቹ ጆንያዎች እየተቀደዱ ማሽላው ወለል ላይ ይፈስ ጀመር። ጤፍ የገዛ አንድ ደንበኛ የአይጥ ኩስ አገኘሁበት ብሎ መለሰ። ሐጂን ያንገበገባቸው ከጠፋው እህል ይልቅ ይኼኛው ነው። በገበያ ስም አንዴ ከጠፋ ጠፋ።

መጋዘን ጠባቂው ወጣት በድምፅ ማጉያ "የአይጥ፣ የበረሮ፣ የትኋን" እያለ ከሚዞር ሻጭ ጥቁር ዱቄት ገዛ። ነጭ ሽንኩርት ነጭ ሽንኩርት ይሸታል። ዚንክ ፎስፋይድ ነው። በሶ በዘይት ለወሰ፣ ዱቄቱን ቀላቀለበት፣ በየጥጉ አስቀመጠ። ጠዋት ግድግዳው ሥር የሞቱ አይጦች ተገኙ። ሐጂ "ማሻ አላህ፣ ተገላገልን" አሉ። በማግስቱ የሞቱት ጥቂት ነበሩ። ከዚያ ወዲያ ምንም። በሶው ደርቆ፣ ተሰነጣጥቆ፣ እንደተቀመጠ ያድራል። ከበሶው አንድ ክንድ የማይርቀው ጆንያ ግን አዲስ ቀዳዳ አውጥቷል።

ልጁ የመርዙን መጠን ጨመረ። ጭራሽ የሚቀምሰው ጠፋ። ሻጩን ቀየረ፣ "የፊተኛው ፎርጅድ ነበር" ብሎ። አሁንም ያው። የሐጂ ባለቤት በበኩላቸው "ስለ መርዝ ጮክ ብላችሁ አታውሩ፣ ይሰማሉ" ብለው ሁሉንም አስጠነቀቁ። ስደርስ በመጋዘኑ ውስጥ በሹክሹክታ ነበር የሚወራው።

መጀመሪያ የዞርኩት የአይጡን ማዕድ ለማየት ነው። ወለሉ ላይ የፈሰሰ ማሽላ በየቦታው አለ። ጥግ ላይ ክዳን የሌለው የውሃ በርሜል ቆሟል፣ ከሥሩ ያንጠባጥባል። ጆንያው ከግድግዳው ጋር ተጣብቋል፣ በመካከሉ አይጥ የሚሮጥበት ጨለማ መንገድ አለ። አንድ የጣሪያ አይጥ በቀን ከ15 እስከ 25 ግራም እህል ቢበላ ይበቃዋል። እዚህ ያለው አይጥ ሁለት እርምጃ ሳይሄድ ያንን ይሞላል። ታዲያ ለምን ብሎ የማያውቀውን በሶ ይብላ? ይህ የመጀመሪያው ፍንጭ ነው። ሁለተኛውን ለማግኘት ትንሽ ሙከራ አስፈለገ።

ልጁን ምንም መርዝ የሌለበት በሶ፣ በዚያው ዘይት ለውሶ፣ በአዲስ ዕቃ እንዲያቀርብ ጠየቅኩት። ጎኑ ላይ ንፍሮ ስንዴ አስቀመጥን። ያንኑ ንጹሕ በሶ መርዝ ተቀምጦበት በማያውቀው በአጥሩ ውጪ በኩልም አደረግን። ጠዋት ንፍሮው የለም። መጋዘን ውስጥ ያለው በሶ አልተነካም። ከአጥሩ ውጪ የነበረው በሶ ግን ተጠራርጎ ተበልቷል።

"ቲቸር፣ መርዝ የለውም እኮ! ምን ሸትቷቸው ነው?" አለ ልጁ።

ምንም አልሸተታቸውም። መርዙን የሚለይ አፍንጫ ቢሆን ኖሮ ንጹሑን በሶ ይበሉት ነበር። የጠሉት በሶውን ራሱን ነው። ከአጥሩ ውጪ ያሉት መርዙን ቀምሰው ስለማያውቁ በሉት። አንድ ጊዜ ቀምሰው ታመው፣ ሳይሞቱ የተረፉት አይጦች በአንጎላቸው ውስጥ "በሶ ማለት ሕመም ነው" የሚል ነገር ይዘው ቀርተዋል። መጠኑን መጨመር ለዚህ መድኃኒት አይሆንም። የሻጭ መቀያየርም እንደዚያው።

የሚያስርበው ሴል

ፔፕታይድ አሚኖ አሲድ ከሚባሉ ጡቦች የተሠራ አጭር የፕሮቲን ቁራጭ ነው። ከአንዱ የነርቭ ሴል ይለቀቃል፣ በሌላው ሴል ላይ ያለውን ተቀባይ ወይም ሪሴፕተር ይይዛል፣ ያ ሴል ደግሞ ሥራውን ይቀይራል። የመብላት ጉዳይ በአብዛኛው በዚህ መንገድ ነው የሚካሄደው።

ከአንጎል ሥር ሃይፖታላመስ የሚባል ክፍል አለ። በውስጡ አርኩዌት ኒውክለስ የምትባል ትንሽ ቦታ አለች። እዚያ ሁለት ዓይነት ሴሎች ጎን ለጎን ይኖራሉ። አንደኛዎቹ አልፋ ኤምኤስኤች የሚባል፣ 13 አሚኖ አሲድ ያለው ፔፕታይድ ይለቃሉ። ይህ ፔፕታይድ ሜላኖኮርቲን 4 የሚባለውን ተቀባይ ሲይዝ እንስሳው መብላቱን ይቀንሳል። ሁለተኛዎቹ ኤጂአርፒ የሚባል ፔፕታይድ ያመነጫሉ። ኤጂአርፒ ያንኑ ተቀባይ ይይዛል፣ ግን እንደ መጋዘን ዘበኛ በሩ ላይ ቆሞ አልፋ ኤምኤስኤች እንዳይገባ ይከለክላል። እነዚሁ ሴሎች ኒውሮፔፕታይድ ዋይ የሚባለውንም ይለቃሉ። እሱ 36 አሚኖ አሲድ አለው፣ በ1982 (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ከአሳማ አንጎል ነው የተገኘው። ዋይ 1 እና ዋይ 5 በሚባሉ ተቀባዮች በኩል ይሠራል። በ1984 ተመራማሪዎች አይጥ አንጎል ውስጥ ሲወጉት ጠግቦ የነበረው አይጥ እንደገና መብላት ጀመረ።

የሁለቱ የጊዜ ልዩነት ይገርመኛል። የኒውሮፔፕታይድ ዋይ ግፊት በሰዓታት ውስጥ ያልቃል። አንድ ጊዜ አንጎል ውስጥ የተወጋ ኤጂአርፒ ግን አይጡን እስከ አንድ ሳምንት ድረስ አብዝቶ እንዲበላ ያደርገዋል። አንዱ ለአሁኑ ረሃብ ነው፣ ሌላው ለክፉ ቀን።

ተቀባዩ ራሱ ቢጠፋስ? በ1997 ሜላኖኮርቲን 4 የሌላቸው አይጦች ተፈጠሩ። ያለማቋረጥ በሉ፣ ወፈሩ። በተቃራኒው በ2005 በአዋቂ አይጦች አንጎል ውስጥ የኤጂአርፒ ሴሎችን ብቻ ለይተው አጠፏቸው። አይጦቹ ምግብ ፊታቸው ተቀምጦ በጥቂት ቀናት ውስጥ መብላት አቆሙ። በ2011 ደግሞ እነዚህን ሴሎች በብርሃን የሚያስነሱበት ዘዴ ተሠራ። መብራቱ ሲበራ፣ ጠግቦ የተኛ አይጥ በደቂቃዎች ውስጥ ተነስቶ እንደ ተራበ መብላት ያዘ።

ሴሎቹ ረሃብን የሚያውቁት ከሰውነት በሚመጣ ወሬ ነው። ስብ ሲበዛ ሌፕቲን የሚባለው ሆርሞን ይበዛል፣ ሴሎቹ ዝም ይላሉ። በ1994 የታወቀው ይህ ሆርሞን ሲቀንስ ሴሎቹ ይነቃሉ። ሆድ ባዶ ሲሆን ከጨጓራ ግሬሊን የሚባል ሌላ ሆርሞን ይወጣል፤ እሱም ያነቃቸዋል። የሐጂ መጋዘን አይጥ ግን ስቡም ሞልቷል፣ ጨጓራውም ሞልቷል። የኤጂአርፒ ሴሎቹ የሚናገሩት ነገር የላቸውም። በ2015 የታየውን ደግሞ ጨምሩበት። የተራበ አይጥ ምግብ ገና ሲያይና ሲያሸት፣ አንድ ጉርሻ እንኳ ሳይቀምስ፣ እነዚህ ሴሎች በሰከንዶች ውስጥ መረጋጋት ይጀምራሉ። ማሽላ በየአቅጣጫው በሚታይበት ቤት ረሃብ ጊዜ አያገኝም።

የሚያስጠላው ሴል

አሁን ወደ ሕመሙ እንምጣ። ዚንክ ፎስፋይድ ከጨጓራ አሲድ ጋር ሲገናኝ ፎስፊን የሚባል ጋዝ ያወጣል። የሚገድለው ጋዙ ነው። ምልክቱ ግን ቶሎ ይመጣል፤ ከደቂቃዎች እስከ ጥቂት ሰዓታት። አይጥ ደግሞ አዲስ ምግብ ሲያገኝ ቆንጥሮ ቀምሶ የመጠበቅ ልማድ አለው። ትንሽ የቀመሰው ይታመማል፣ አይሞትም። ጥፋቱ እዚህ ላይ ነው።

አይጥ ማስመለስ አይችልም። አንጎሉ ውስጥ ለትውከት የሚሆነው የነርቭ መስመር የለውም። ሰው መጥፎ ነገር ቢበላ ያወጣዋል፤ አይጥ የዋጠውን ይዞ ይቀራል። ሲያቅለሸልሸው የሚያደርገው ሌላ ነገር አለ። አፈር፣ በተለይ ሸክላ አፈር ይበላል። ስለዚህ ለአይጥ ዋናው መከላከያ መጀመሪያውኑ አለመብላት ነው። የታመመበትን ጣዕም ደግሞ አይረሳም።

ይህን በደንብ ያሳየው ጆን ጋርሲያ የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ ነው፣ በ1955። አይጦች ጣፋጭ ውሃ እየጠጡ ጨረር እንዲነካቸው አደረገ። በኋላ ያንን ጣፋጭ ውሃ ተጸየፉት። በ1966 ከባልደረባው ጋር አንድ ነገር ጨመረበት። አይጥ ሕመምን የሚያያይዘው ከጣዕም ጋር ነው፣ ከድምፅና ከብርሃን ጋር አይደለም። ኤሌክትሪክ ሲነዝረው ግን በተቃራኒው ድምፁንና ብርሃኑን ይጠረጥራል። በመቅመሱና በመታመሙ መካከል ሰዓታት ቢያልፉም ማያያዙን አይተውም። ለዚህ ነው የሐጂ አይጦች ዕቃው ቢቀየርም በሶውን የለዩት።

የትኛው ሴል ነው ይህን የሚሠራው? ከአንጎል ግንድ ላይ ፓራብራኪያል የሚባል ቦታ አለ። እዚያ ሲጂአርፒ የሚባል፣ 37 አሚኖ አሲድ ያለው ፔፕታይድ የሚለቁ ሴሎች አሉ። በ2013 ታተመ፤ እነዚህን ሴሎች ማስነሳት አይጥን ምግብ ያስተወዋል፣ ዝም ማሰኘት ደግሞ በሕመም ላይ ያለ አይጥ እንዲበላ ያደርገዋል። በ2015 ደግሞ ሴሎቹ የጣዕም ጥላቻን በማስተማር ላይ እንዳሉበት ታየ። ላብራቶሪው አይጡን የሚያሳምመው ብዙ ጊዜ ሊቲየም ክሎራይድ በሚባል ጨው ነው፣ ሐጂ ቤት በፎስፊን። መንገዱ ግን በሆድ ሕመም ስለሆነ ውጤቱ አንድ ዓይነት ሆኖ አገኘሁት።

አሁን ሁለቱ የሚገናኙበት ቦታ ላይ ደረስን። ለእኔ የጉዳዩ ልብ ይህ ነው። የኤጂአርፒ ሴሎች መልእክታቸውን ወደ ፓራብራኪያልም ይልካሉ፣ እዚያ ያሉትን ሴሎች ያፍናሉ። በ2005 ሴሎቹ የጠፉባቸው አይጦች ለምን በረሃብ እንደተንገላቱ በኋላ ሲጠና፣ አንዱ ምክንያት ይህ መሆኑ ታወቀ። የሚያፍነው ሲጠፋ የሕመም ማስጠንቀቂያው ያለ ከልካይ ይጮኻል፣ እንስሳው ምግብ ይጠላል። ወደ መጋዘናችን ስንመልሰው፣ የተራበ አይጥ ጥርጣሬው ይቀንሳል፣ የጠገበ አይጥ ጥርጣሬው ሙሉ ነው። ሐጂ አይጦቻቸውን አጥግበው ሲያበቁ የሚጠረጥሩትን ምግብ ነበር የሚያቀርቡላቸው።

ሐጂ ይህን ስነግራቸው ጥቂት ዝም ብለው፣ "እንዴ፣ እኔው ነኛ ያሳበጥኳቸው!" አሉ።

አይጦች ይነጋገራሉ የሚለውም ጥያቄ መጣ። የሐጂ ባለቤት ሐሳባቸውን አልቀየሩም፣ እኔም ብዙ አልተከራከርኩም። ቤኔት ጋሌፍ የተባለ ተመራማሪ በካናዳ ለዓመታት ያጠናው ነገር ግን አስገራሚ ነው። አይጥ የሌላውን አይጥ አፍ ያሸታል፣ ያ አይጥ የበላውን ምግብ መውደድ ይጀምራል። አፉ የተሸተተው አይጥ ታሞ ቢሆን እንኳ ያንኑ ምግብ ይወደዋል እንጂ አይሸሸውም። ማስጠንቀቅ የሚባል ነገር የለም። መጋዘኑ በሙሉ በሶ የተወው ብዙዎቹ ራሳቸው ቀምሰው ስለታመሙ ነው። ሌሎቹ ደግሞ የተረፉት የሚበሉትን፣ ማለትም ማሽላውን፣ ተከትለዋል።

ምን አደረግን

ሥራው ከመርዝ አልጀመረም። ልጁ ወለሉን ጠራርጎ የፈሰሰውን እህል ሰበሰበ። ጆንያዎቹ ከግድግዳው ተነስተው በእንጨት ርብራብ ላይ ተደረደሩ፣ ሰው በጀርባቸው የሚያልፍበት ቦታ ተተወ። ሐጂ ቦታ ይበላል ብለው አጉረምርመው ነበር። በርሜሉ ተጠገነ፣ ተከደነ። ቀዳዳዎች በሽቦ ወንፊትና በሲሚንቶ ተደፈኑ። እዚህ ላይ ሰው ይሳሳታል፤ ትልልቆቹን ደፍኖ ትንንሾቹን ይተዋል። ለትንሿ የቤት አይጥ 6 ሚሊ ሜትር ክፍተት ይበቃታል። የተቀደዱ ጆንያዎች እህላቸው ተገላብጦ ቶሎ እንዲሸጥ ወጣ።

ከዚያ አዲስ ምግብ መረጥን። በሶ አበቃለት። ንፍሮ ስንዴውን ወደውታልና በእሱ ቀጠልን፣ ምንም ሳይቀላቀልበት። በግድግዳው ሥር ክዳን ባላቸው ሳጥኖች ውስጥ በየቀኑ ተቀመጠ። ትልልቆቹ አይጦች አዲስ ዕቃን ስለሚፈሩ ሳጥኑ ራሱ እስኪለመድ ጊዜ ይወስዳል። ልጁ ይህን አልወደደውም። "ቲቸር፣ እየቀለብናቸው እኮ ነው" ይለኝ ነበር። አዎ፣ እየቀለብናቸው ነበር። ስንዴው በየጠዋቱ ሲያልቅ ነው ወደሚቀጥለው የተሻገርነው።

መርዙም ተቀየረ። ብሮማዲዮሎን የሚባል፣ ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ፣ በእህል ላይ ተዘጋጅቶ የሚሸጥ ነው። በውስጡ ያለው መርዝ 0.005 በመቶ ብቻ ነው። ዘመዶቹ ከ1940ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በአይጥ ላይ ሲሠራባቸው ቆይቷል፤ የመጀመሪያው ዋርፋሪን ዛሬ የልብና የደም ሥር ሕሙማን የሚወስዱት መድኃኒት ነው። ዋናው ነገር ፍጥነቱ ነው። አይጡ የሚታመመው ከቀናት በኋላ ነው። ጣዕምን ከሕመም ጋር ለማያያዝ ሰዓታት ይችላል፣ ቀናት ግን አይችልም። የፓራብራኪያል ሴሎቹ ሲነሱ የሚያያይዙት ጣዕም አጠገባቸው የለም። ስለዚህ እስከ መጨረሻው ይበላል።

አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም። ጥቁሩ ዱቄት በእጅ የሚነካ፣ በቤት ውስጥ የሚቀላቀል ነገር አይደለም። እርጥበት ሲያገኝም ጋዝ ያወጣል። ለሰው ማርከሻ የለውም። ብሮማዲዮሎን በሐኪም የሚሰጥ ማርከሻ አለው፤ ቫይታሚን ኬ 1። እሱም ቢሆን የተመረዘውን አይጥ የበላች ድመት ወይም ጉጉት ሊገድል ይችላል። በየጠዋቱ የሞተ መልቀምና መቅበር የሥራው ግማሽ ነው። ሐጂ የራሳቸውን ድመት ለዘመድ አስረክበው ነበር እስኪያልቅ።

ጎረቤቷ

ያልጠበቅነው ነገር ከጎረቤት መጣ። ከመጋዘኑ አጠገብ ትንሽ ምግብ ቤት ያላቸው ሴት አንድ ቀን ሐጂ ጋ መጡ። "ሐጂ፣ አይጦችዎን ወደኔ ላኩብኝ አይደል? በጠራራ ፀሐይ ጓዳዬ ይገባሉ!"

ልክ ነበሩ። መጋዘኑ ሲጸዳ ማዕዱ ተነሳ። ለመጀመሪያ ጊዜ በዚያ ቤት ረሃብ ገባ። የተራበ አይጥ ደግሞ ድፍረት አለው። በ2016 የታተመ ጥናት ይህን ነው የሚያሳየው። የተራቡ አይጦች የቀበሮ ሽታ ወዳለበት ቦታ ለምግብ ብለው ገቡ፣ የጠገቡት አልገቡም። የጠገቡትም የኤጂአርፒ ሴላቸው ሲነሳ እንደተራቡት ሆኑ። ረሃብ ፍርሃትን ይበልጣል ማለት ነው። የእኛ ሰው ይህን ያለ ላብራቶሪ ብሎታል፤ አይጥ ሞቷን ስትሻ የድመት አፍንጫ ታሸታለች።

ሴትዮዋ ስለ ቀበሮ ሽታ መስማት አልፈለጉም። የፈለጉት ጓዳቸው እንዲጠራ ነው፣ መብታቸውም ነው። ሐጂ በራሳቸው ወጪ ሳጥኖቹን በአጥሩ በሁለቱም በኩል አስቀመጡ። የምግብ ቤቱ ጥራጊ ክዳን ባለው ዕቃ እንዲሆን ተስማሙ። በእኔ ግምት ይህ ከመጀመሪያው መታሰብ ነበረበት። አንድ መጋዘን ብቻውን አይጥ አያጠፋም፤ የሚያሳድዳቸው ወደ ጎረቤት ነው።

ውጤቱን የለካነው በዱቄት ነው። ማታ በግድግዳው ሥር ዱቄት ይነሰነሳል፣ ጠዋት ዱካ ይታያል። ርካሽ ነው፣ አይዋሽም። ሳጥኖቹ በገቡ በሁለተኛው ሳምንት አካባቢ በወለሉ ላይ ዱካ እየሳሳ ሄደ። አዲስ የተቀደደ ጆንያም አልታየም። ልጁ ግን ማታ ማታ ከኮርኒሱ በላይ ሩጫ እሰማለሁ አለ። ወጥተን ስናይ የጣሪያ አይጦቹ ጎጆ ከላይ ነው፣ በእንጨቶቹ መገጣጠሚያ። ከእነዚህ አንዳንዶቹ ወደ ወለል እምብዛም አይወርዱም። ሳጥኖቹን ደግሞ ከታች ብቻ ነበር ያስቀመጥነው። ሁለት ሳጥን ወደ ላይ ሲወጣ የላይኛውም ሩጫ ቀነሰ። በኋላ ለጥቂት ቀናት መጋዘኑ ክፉኛ ሸተተ፣ ኮርኒሱ ተነስቶ የሞቱት እስኪወጡ ድረስ።

ከሁሉም እርምጃ የትኛው የበለጠ ሠራ ቢባል፣ አንድ ላይ ስላደረግናቸው ነጥሎ መናገር አይቻልም። እኔ ግን ለመጥረጊያውና ለርብራቡ ነው የምፈርደው። ማዕዱ ሳይነሳ ብሮማዲዮሎኑም የጠገበ አይጥ ፊት ይቀመጥ ነበር።

ሐጂ በመጨረሻ የጠየቁኝ ስለ አይጥ አልነበረም። ጅዳ ያለች እህታቸው ለውፍረት መርፌ ጀምራለች፣ ምግብ ጠላሁ ትላለች። "ይኼ አሁን የምትለው ነገር ከዚያ ጋር ይገናኛል?" አሉኝ። ይገናኛል። ጂኤልፒ 1 የሚባል ፔፕታይድ አለ፣ አንጀትም የአንጎል ግንድም ያመነጩታል። በ1996 አይጥ አንጎል ውስጥ ሲወጋ መብላት እንደሚቀንስ ለንደን ውስጥ ታየ። ሴማግሉታይድ የሚባለው መርፌ የዚያኑ ፔፕታይድ ተቀባይ ነው የሚይዘው። በአሜሪካ ለስኳር በሽታ በ2017፣ ለውፍረት በ2021 ተፈቀደ። ከተቀባዮቹ አንዳንዶቹ ማቅለሽለሽን በሚያስተናግደው የአንጎል ግንድ ክፍል ላይ ስለሚገኙ ብዙ ሰው መጀመሪያ ላይ ያቅለሸልሸዋል። አይጥም በዚሁ ፔፕታይድ ጣዕም ይጠላል። እህታቸው መጠኑን ከሐኪሟ ጋር እንድታስተካክል ንገሯት አልኳቸው።

ሐጂ ለሚቀጥለው ምርት ርብራቡን ከወዲሁ አሠርተዋል። የመጀመሪያው አይሱዙ ማሽላ ይዞ ከመቆሙ በፊት ወለሉ በሙሉ ሲሚንቶ ይሆናል ብለዋል። ልጁ ዱቄቱን በየሳምንቱ ዓርብ ማታ ይነሰንሳል፣ ዱካ ካየ ይደውላል።